ከገመዱ በፊት

በቺሎኤ ደሴት፣ ዝናብ በሚውልበት፣
ቤቱ በእንጨት እግር ባሕር በቆመበት፣
ሰው ጎጆውን ነቅሎ በበሬ ሲጎትት
«ማን ይችለዋል?» አይልም፤ ያውቃል ማንሻውን።
እኔም የዚያው ልጅ ነኝ፤ ሳይ ችግር መምጣቱን
መጀመሪያ ወንድሜን፣ ቀጥሎ ጎረቤት፣
ከዚያ መፍቻ ፍለጋ እስከ ጀልባው ቤት፣
ከዚያ ስድብ (አልዋሽም)፣ ከዚያም ደግሞ ዕንባ፤
ጸሎትማ ቆርቆሮ ናት፣ በስተ ኋላ የጀልባ፣
ውኃው ጉልበት ሲደርስ በጭንቅ የምትታወስ፣
ዝገት ጠርዟን በልቶት እጅን የምትነክስ።

ኤለውተሪዮ ግን፣ የቤተ ጸሎቱ ፊስካል
(ካህኑ በዓመት አንዴ በጀልባ ብቅ ይላል፤
በቀረው እሑድ ሁሉ እሱ ነው ደዋይ፣ መሪ፣
ሙት ቀባሪ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ድንች ቆፋሪ)
ምስማር ሲጠፋበት ባርኔጣውን ያወልቃል፣
ላሚቱ ስታቃስት ባርኔጣውን ያወልቃል፣
ወንድማማች ሲጣላ፣ ወተት ሲገነፍል፣
ደብዳቤ ሲመጣለት፣ ፖስታውን ሳይገነጥል።
ደግሞም አያስረዝምም፦ «ጌታዬ፣ እዚህ ነኝ።»
አንዲት ትንፋሽ ብቻ። እኔን የሚያበግነኝ
ማጠሩ አልነበረም፤
መቅደሙ ነበረ።
ሰው እንዴት እሳት እያየ
ባዶ እጁን ቆመ፣ ባልዲውን አስቀረ?

ነሐሴ ነው፤ ማዕበል። ኒባልዶ፣ ልጄ፣
የዛጎል እርሻችንን ሊያይ ወጥቶ ከደጄ
መሸ፤ አልተመለሰም። ዐሥራ ስድስት ዓመቱ፤
ሞተሩ ከሱ ይበልጣል በዕድሜም በክፋቱ።
አንድ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ ስሮጥ፣ ስጮኽ፣
ሽማግሌው ወጣ፣ ፋኖስ ይዞ፣ እያከከ።
ከዓለቱ ጫፍ ቆመን መብራቱን አየነው፣
ብልጭ የሚል፣ የሚጠፋ፣ ማዕበል የሚውጠው።
«ገመድ!» አልሁ። እሱ ግን እጁ ወደ ራሱ።
«አንተ ሰው! ባርኔጣ ነው የልጄ መመለሱ?»
አልሰማኝም። አወለቀ። ዝናቡ መላጣው ላይ ወረደ።
አንዲት ትንፋሽ።
ከዚያ ገመዱን ወሰደ።

ተአምር አላወራም። ባሕሩ አልተኛም፣
ነፋሱም አላፈረ፣ ሞተሩም አልተነሣም።
ግን እኔ የቋጠርሁት ሦስቴ ተፈታ፤
የሱ ጣት፣ ያ ያረጀው፣ በዚያ ሁሉ ሁካታ
የድንች ጆንያ እንደሚያስር፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣
አንዴ አሰረ፤ ያዘ። ጎተትነው በጉልበት።
ልጁ ወጣ፤ ሁለት ጥርሱ ጎደለ።
ጀልባዋ እዚያው ቀረች፤ ዕዳዋ ግን አለ።

ኋላ፣ ምድጃ ዳር፣ ልብሳችን ሲንጠባጠብ፣
«ምን ለምነህ ነው?» አልሁት፣ ሐፍረቴን ስደብቅ ከልብ።
«ልመናውስ ይደርሳል። እኔ የምፈራው እጄን ነው፤
ብቻውን ሲሮጥ እኮ የራሱ ጌታ ይመስለዋል፣ ይኸው።»
አለና ካልሲውን ጨመቀ። ሌላም አላከለ።
ስብከት አይሆንለትም፤ እሑድም እንዲሁ ነው፣ ያጥራል ያለ።

ከቀበርነው ስድስት ዓመት። ተማርሁ ብልህማ
ግማሹ ውሸት ነው። ወተቱ ሲያሰማ
ስሙን እጠራለሁ፣ ጨርቁን ሳላነሣ፤
አንዳንድ ቀን ግን ስሙም፣ ጨርቁም ይረሳና
ድስቱን ስረግም እውላለሁ።

ትናንት ስልክ ጮኸ፤ ከፑዌርቶ ሞንት ሆስፒታል።
«የኒባልዶ እናት?» ስትል ነርሷ፣ ምላሴ ይቀድማል፦
ማን ነው ሐኪሙ፣ የት ነበራችሁ፣ ለምን አሁን፣ ለምን…
ቃሌ ገና ሳያልቅ፣ ይኸው ቀኝ እጄን
ማንም ሳያዝዘው ወደ ራሴ ሲሄድ አገኘሁት።
ባርኔጣ አልነበረም።
ሽበት ብቻ፣ እርጥብ ከዝናቡ፤
ጣቶቼ እዚያው ቆሙ፣ ደጅ እንደሚጠና እንግዳ፣
ምን እንደሚያነሡ ሳያውቁ።
አንዲት ትንፋሽ ወጣች።

«ሴኞራ ኤርሜሊንዳ? እዚያ ነዎት?» አለች ነርሷ።
«እዚህ ነኝ» አልሁ፤
ለማን እንደመለስሁ
ለጊዜው ሳላውቀው።