እርጥብ ባሉጥ

ጥቅምት ነው። ቦሱት ወንዝ ጭጋግ ተከናንቧል፤
ማዕበል ያጋደመው ባሉጥ ደጄ ላይ ተቆርጦ ተከምሯል።
ከተማ ያደግሁ ነኝ፤ እሳት ማለት ለእኔ
በቁልፍ የሚመጣ፣ በቁልፍ የሚሄድ እንግዳ ነበር ለዓይኔ።

ባርቶል፣ የአጥሩ ማዶ ሰው፣ ሰባ ስምንት ዓመቱ፣
ጀርባው የወፈረ መጥረቢያውን አንጠልጥሎ መጣ በጠዋቱ።
ሰላም አላለኝም። ግንዱን ዞረው፣ አሸተተው፣
ልጡን በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫር አድርጎ ተወው።
"ዘንድሮ እንዳትነኪው። የሚመጣውም ዓመት ያንቺ አይደለም፤
ሁለት በጋ ያላየ ባሉጥ ለማንም አይታዘዝም።"

እኔ፣ ልፍለጥ ልቁረጥ ባይ፣ መሐል አናቱን መታሁ፤
ብረቱን ነክሶ አስቀረው። ጎትቼ ጎትቼ ተቀመጥሁ።
ሳቀብኝ፣ ጥርስ የሌለው ሳቅ፦
"ልቡን አትምቺ፤ ልብ ሲመቱት ይጠብቃል እንጂ አይላቀቅ።
ከዳር ጀምሪ፣ ከቅርፊቱ አጠገብ፣ በየጥቂቱ፤
ጉጥ ያለበትን ለጥር ውርጭ ተይለት፣ እሱ ነው ብርቱ።"

ፈለጥን። ቀኑን ሙሉ ፈለጥን።
ከተሰነጠቀው ገላ፣ በርሜል ውስጥ የከረመ የወይን ጠጅ ሽታ ጠጣን።
ማታ መዳፌን ባየው ጠቁሯል፣ ቀለም እንደ ነካ፤
ለካ የባሉጥ ወዝ ብረት ሲነካ
ይጽፋል። በሳሙና እምቢ ብሎ በሎሚ ለቀቀ፤
የትከሻዬ ቁርጥማት ግን ሳምንቱን አብሮኝ ዘለቀ።

ክምሩ እንዲህ ነው፦ ከመሬት ከፍ፣ ቅርፊቱ ወደ ላይ፣
ጫፉ ለነፋስ የተከፈተ፣ ፊቱ ወደ ፀሐይ፤
ከአናቱ ብቻ ቆርቆሮ፣ ጎኑ ራቁቱን፤
"መዳፍ ያስገባ፣ ክንድ ግን አያስገባ" እያለ፣ ይለካ ነበር ክፍተቱን።

በሦስተኛው ቀን፣ ከግንዱ ወገብ፣ መጥረቢያው ብልጭ አለ።
ድምፁ የእንጨት አልነበረም። ባርቶል "ቁሚ" አለ።
ተንበርክኮ ስንጥቁን በሁለት እጁ ከፈተ፤
ውስጡ ሰማያዊ፣ እንደ መሸ ሰማይ፣ ወደ ላይ ወደ ታች የተጎተተ፤
መሐሉ ላይ የጥፍር ታህል ብረት፣ ዛፉ ጎርሶ ያልዋጣት፣
ያልተፋትም፤ ዓመት በዓመት ላይ እየደረበ ያቀፋት።

ከቅርፊቱ ተነሥቶ ቀለበቶቹን ቆጠረ፣ በጥፍሩ፤
ሠላሳ ላይ ዘገየ፣ ሠላሳ ሦስት ላይ ደረቀ ከንፈሩ።
"ያን መከር" አለ፣ "ወንድሜ ኢቭሻ፣ ከዚህ ዛፍ ሥር..."
ቀሪውን ዋጠ። አልጠየቅሁትም፤ አንዳንድ ነገር አለ ሲመቱት የሚከር።

ብረቷን በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተታት፤
ለሰማያዊዋ ፍልጥ ግን ከሌሎቹ መሐል ቦታ ሰጣት።
"ለብቻዋ አትቀመጥም?" አልሁት።
"ለምን? እርጥብ ናት። ትድረቅ እንደ እህቶቿ"
አለና ተነሣ፣ ጉልበቱ እየተንቋቋ።

በመጀመሪያው ክረምት ትዕግሥቴ አልቆ ሦስት ፍልጥ ሰረቅሁ፤
ከገዛ ክምሬ፣ በሌሊት፣ ከባርቶል መስኮት እየተደበቅሁ።
"በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል" ይላል የሰው አፍ፤
ውሸት ነው። እርጥብ አይነድም፤ ያፏጫል፣ ያለቅሳል፣ አረፋ ይደፍቃል ከየጫፍ።
የምድጃው መስተዋት በጥቀርሻ ታወረ፣ ጢስ ማውጫው አሳለ፤
በማግስቱ ባርቶል ጣሪያዬን አይቶ "ጢስሽ ቢጫ ነው" አለ።
ማታ አንድ ጋሪ ደረቅ፣ ከራሱ ክምር፣
በሬ ላይ ገልብጦ ሄደ፣ ምንም ሳይናገር።

ሁለት በጋ አለፈ። የፍልጦቹ ጫፍ ተሰነጠቀ፣ እንደ ፀሐይ ጨረር፤
ሁለቱን ባጋጫቸው እንደ ድሮው "ድፍ" አይሉም፣
ይጮኻሉ፣ እንደ ደወል፣ ከሩቅ ሰፈር።

ዛሬ ውጭው በረዶ ነው። ባርቶል ምድጃዬ ፊት ቦሎቄ ይለቅማል፤
መጥረቢያ ማንሳት ካቆመ ወዲህ እንዲህ ይመጣል።
ሰማያዊዋን ፍልጥ አነሣሁና "ይህችስ?" አልሁት፤
በአገጩ ወደ እሳቱ አመለከተ። በሩን ከፈትሁት።

እንደ ማንኛዋም ፍልጥ ነደደች።
ነበልባሏ ሰማያዊ አልነበረም። ቤቱን አሞቀች።
ቦሎቄው ሲንተከተክ ቀምሶ "ጨው አንሶታል" አለ፤
ከዚያ አንድ እጁን ኪሱ ውስጥ ረስቶ
እሳቱን ሲያይ ዋለ።