የይማም ሪሞት

የአባቴ ሪሞት፣ ወገቡ በፕላስተር የታሰረ፣
ቲቪው ከሞተ ወዲያ መሳቢያ ውስጥ የኖረ፣
ዛሬ ሁለት ባትሪ ጎረሰ።
የጦሳ ጉም ወርዶ ቧንቧ ውሃን አለበሰ፤
እኔ ኮምፒውተሩን ቁልፍ አስጠናዋለሁ፤
«ይህኛው ምንድን ነው?» ይለኛል፤ እመልሳለሁ።

ብርሃኑ ለዓይን አይታይ፤
በስልኬ ካሜራ ሳይ
ወይን ጠጅ ፍንጣቂ፣ ብልጭ ድርግም፤
አለ ለካ፤ አልሞተም።

መቀነሻው አዲስ ነው፤ ጣት አልነካውም።
መጨመሪያው ግን ተልጦ ምልክት የለውም፤
አንድ ጆሮው ወፍጮ ቤት የቀረ ሰው
ምን ያድርግ? በአውራ ጣቱ ጨረሰው።

ፊልም ከፍቼ እሱኑ ተጫንኩ፤ ቤቱ ተናወጠ።
እናቴ ከጓዳ፣ እጇ ቢላዋ እንደጨበጠ፣
«ኧረ ቀንሰው፣ ይማም!»

ሁለታችንም አልተነፈስንም።
መቀነሻውን ገና አላስተማርኩትም ነበር፤
ጩኸቱ ዘለቀ፣ እስከ ሉባባ አጥር።