ዐሥር አውራ ጣት

ሃል ከተማ፣ ከዓሣ ወደቡ ጀርባ፣
መረብ ሠሪዎቹ ሰገነት መጀመሪያ ስገባ፣
ዕድሜዬ ዐሥራ አምስት፣ ሽርጤ የእህቴ፤
ከስሜ ቀድሞ ነው የታወቀው ጉድለቴ።

የሰው ቋጠሮ ወደ ቀኝ፣ የኔ ወደ ግራ፤
የእንጨት መርፌዬ ሲወድቅ ወለሉ ሲያጓራ፣
አይዳ ስፕሮክስተን፣ የሰገነቱ አለቃ፣
ሲጋራ በከንፈሯ፣ የቃጫውን አቧራ ሰንጥቃ፣
«ኖርማ ብሌንኪን!» ትላለች፣ «አንቺ የአሳማ ታፋ እጅ!
እግዜር ጣት ሲያድል የት ነበርሽ? ወረፋው ላይ ወይስ ደጅ?»

ማክሰኞ ጣቶቼ ከቅቤ ተሠሩ፤
ሐሙስ፣ ዐሥሩም አውራ ጣት ሆነው አደሩ።
ቅዳሜ ጭፈራ ቤት፣ ሬጅ ኮልቢ በረገጥኩት እግሩ እያነከሰ፣
«ሁለቱም እግርሽ ግራ ነው» አለኝ፣ የሳቅ እንባውን እያበሰ።
እሑድ፣ ከመዘምራኑ ኋላ አንገቴን ደፍቼ ቆሜ፣
«ይቺ ልጅ ዜማ በባልዲ ቢሰጧት መንገድ ላይ ትደፋዋለች»
ሲባል ሰማሁ በገዛ ጆሮዬ።
ጆሮዬም፣ አሉ፣ የቆርቆሮ ነው።

ይኸው፣ ቤት መምታቱም ከእጄ አመለጠ።

ሁሉንም በእናቴ የቤት ኪራይ ደብተር ጀርባ ጻፍኩ፤
ከፊት የዕዳችን ቁጥር፣ ከኋላ የኔ።
ቆይቼ ሳነብባቸው አንድ ነገር ገባኝ፦
ቋንቋችን የማይችል እጅን ሊሰድብ ሲነሣ
ከጓዳ አይርቅም።
እጁ የገባለትን ያነሣል፣ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ባልዲ፣ ቆርቆሮ፣
ደሞዝ እስኪመጣ በተረፈው ሁሉ ሾርባ እንደምትሠራ ሴት።
ታዲያ ስድቡ ትኩስ ነበር። ትንሽም ያጠግብ ነበር።
አይዳም ብትሆን አፏ ሲሳደብ እጇ አያርፍም፤
የተበላሸ ቋጠሮዬን ትፈታለች፣ ታስራለች፣
«እይ» ትላለች፣
አያለሁ፣
አይገባኝም።

በጥቅምት ከታች፣ ከቢሮ ጠሩኝ።
ሚስተር ኦበሪ ዊንስኪል ወንበር ሰጠኝ፤
ያኔ ነው የፈራሁት።
ታፋ አልጠራም፤ ቅቤ አላነሣም።
«ሚስ ብሌንኪን፣ ጥረትሽን እናደንቃለን፤
ነገር ግን ለዚህ ሥራ የተቀደድሽ አይመስለኝም» አለ፣
ስለ ጨርቅ እንደሚያወራ፣
መቀሱ በማን እጅ እንደነበር ሳይነግረኝ።

ካፖርቴን ላመጣ ስወጣ ሰገነቱ ጸጥ አለ።
«ምን አለሽ?» አለች አይዳ።
ነገርኳት።
«አልተቀደድሽም?» ሲጋራዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ከከንፈሯ አወረደች።
«ሃያ ሰባት ዓመት ሰው ሰድቤአለሁ፤
እንዲህ ያለ ስድብ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።»

አሁን ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው።
በኋላ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆረጥኩ፤
ሳንቲም ከጣቴ ሲያመልጥ ተሳፋሪው አብሮኝ ጎንበስ ይላል።
ሰገነቱ ምንጣፍ መሸጫ ሆኗል።
ሬጅን አገባሁት፤ እስኪሞት ድረስ አብሮኝ አልጨፈረም።

አንድ ነገር ግን ለማንም አልተናገርኩም።
አይዳ ያላየችው ቋጠሮ ነበር፤
ዓርብ ማታ፣ ከመረቡ ሆድ ሥር፣ ወደ ግራ የታሰረ።
አየሁት። ዝም አልኩ። ደክሞኝ ነበር።
መረቡ ተጠቅልሎ ወደ አይስላንድ ባሕር ሄደ።
የመርከበኞቹ ሽልንግ በዚያ ቀዳዳ ሾልኮ ይሆናል፤
ከነሱ አንዱ የሬጅ ወንድም ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ግን
አንድ ዓሣ ይታየኛል፣ ወፍራም፣ አገጩ ላይ ጢም ያለው፣
በጨለማው ውኃ ከወንድሞቹ ጋር ሲጨናነቅ
አፍንጫው የላላ ነገር ሲያገኝ፣
ቋጠሮው ቀስ ብሎ ሲፈታ።
ጅራቱን አንዴ መታ አድርጎ ይሄዳል።
ስለ እጄ ክፉ ያልተናገረ እሱ ብቻ ነው።