ሣር በሌለበት

እግር መሣል አልችልም፤ ይኸው እውነቱ።
ፊት ይታዘዘኛል ከነቁጣው፣ ከነትዝብቱ፤
እጅም ብዙ አያስቸግር፣ ይገራል፤
ከቁርጭምጭሚት በታች ግን ብዕሬ ይፈራል፣
ሲጨንቀው ሣር ያበቅላል።

ዐሥራ ስድስት ሥዕል ነው፣ የልጆች መጽሐፍ፤
ከፊራ ገበያ ቃሪያ ስትደረድር የምትለፈልፍ
አንዲት ባልቴት አለችበት፤ አንድ የባቡር ጡረተኛ፤
በደረቀው ደቻቱ አሸዋ ላይ የምትሮጥ ልጅ፣ ነገረኛ።
ሁሉም ቆመዋል፣ እስከ ቋንጃ ሣር ውጧቸው፣
«ምን ተጫምተዋል?» እንዳልባል፣ እንዳልጠየቅ ስለ እግራቸው።

አብዶሽ ጫማ ሰፊው፣ መጋላ፣ ከኒሙ ጥላ ሥር፣
ወስፌውን በጥርሱ ይዞ ወረቀቴን ሲመረምር፣
«የት አገር ነው?» አለኝ።
«ድሬ።»
«አቦ! ታዲያ ይኼ ሁሉ ሣር?
ፍየሎቹስ ሰምተዋል? ወይስ ይዘኸዋል በምሥጢር?»

ሣቅሁ። እሱ አልሣቀም።
«ጫማ ያላደረገ ሰው አይቻለሁ፤
መሬት ያልረገጠ ግን አላውቅም።»

ከዚያን ቀን ወዲህ አንገቴን ደፍቼ ዞርሁ፤
ከከዚራ እስከ ሳቢያን «ምን ሐዘን ደረሰበት?» ተባልሁ።
እኔ የባጃጅ ነጂ ነጠላ ጫማ ነበር የማየው፣
ግራው እንደ አዲስ ሆኖ ቀኙን ፍሬን የበላው፤
የሠርግ ሚዜ አየሁ፣ ባለ ታኮውን በእጇ አንጠልጥላ
በኮብልስቶኑ ላይ በሸበጥ ስትነጉድ፣ ሙሽራዋን አስከትላ፤
የዘበኛውን ከስክስ፣ ሁለት ቁጥር ሰፍቶት፣
ጫፉ ላይ ጋዜጣ ጠቅጥቆ፣ ሲባጎ ማሰሪያ ሠርቶለት።

ተመለስሁ። ሣሩን ፍቄ፣ ለሁሉም ጫማ ሰጥቼ፣
ደህና ቆዳ፣ የሚያበራ፣ ከፎቶ ላይ ገልብጬ።

«ሠላሳ ዓመት ብረት ገፋ አላልክም? ጫማውስ የት ነበረ?
ግራ ተረከዙን አጉድልለት፤ በእሱ ነው ቆሞ የተወጠረ።
ባልቴቷንስ ምን አድርጋ ነው በማሰሪያ ያሰርካት?
ጎንበስ እንድትል? ወገቧን ጠይቀሃት?
ለዙህር ስትጠራ፣ ቋጠሮ ስትፈታ ሰዓቱ ሊያልፍባት?
ሸበጥ ስጣት።»

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አረምሁ።
ተረከዙን አንድ መስመር ብፍቅ ትከሻው ዘመመ፤
ፊቱን ሳልነካው ፊቱ ዕድሜውን አገኘ፣ ደከመ።
ባልቴቷ ሸበጥ ስታጠልቅ ከወንበሯ ዘና አለች፣
ቃሪያውን ትታ የጎረቤቷን ወሬ ጀመረች።

ልጅቱ ጋ ሲደርስ አብዶሽ ዝም አለ።
የዕቃ ሣጥኑን ግርጌ፣ ጎማውን፣ ምስማሩን ገለባበጠና
አንድ ሰንደል አወጣ። ቀይ፣ ሃያ ዘጠኝ ቁጥር፣
ዘለበቱ አዲስ፣ ቆዳው በቅባት የለሰለሰ።

«የግራው ዘለበት ተበጥሶባት፣ ከሰዓት በኋላ አመጣችው።
ቀኙን እንዳደረገች፣ በአንድ እግሯ እንጣጥ እንጣጥ እያለች ሄደች፤
‹ነገ እወስደዋለሁ› ብላ።
ሌሊቱን ደቻቱ መጣ።»

ሌላ አልጨመረም።
እኔም ስሟን አልጠየቅሁም።
ሰንደሉን በመዳፉ ላይ እንደያዘልኝ ሣልሁት፣
ከነዘለበቱ፣ ከነስፌቱ፣ አንድም ሳላስቀርበት።
«የቀኙስ?» አልሁት። «አንድ ዓይነት ላድርገው?»

«የለም» አለ። «ቀኙን አሳርጅልኝ።
ይኼን ሁሉ ዓመት በእሱ ብቻ ስትሄድ።»

አሳረጀሁት።
ጠርዙን ላጥሁ፣ ከሥሩ አሸዋ በተንሁ፣
ጥላ አደረግሁለት፣ ትንሽ፣ የረፋድ።

እሱ ሰንደሉን መልሶ ከሣጥኑ ግርጌ አኖረ፣
ጎማውን ጫነበት፣ ምስማሩን ደረደረ፤
ከዚያ ወደ እኔ እግር ጎንበስ አለና
«የሰው ጫማ ስትቆጥር የአንተ ሶል ተከፍቷል» አለ።
«አውልቀው።»

አወለቅሁ።
አንድ እግሬን ከትኩሱ አሸዋ በላይ
አንጠልጥዬ ጠበቅሁ።