ነጋሪት በቀጭን መስመር

ኸሰብ ላይ ሌሊት ነው፣ ስምንት ሰዓት ግድም፤
ውጭ ወበቁ አይጣል፣ እኔ ጋ ብርዱ አይችሉትም፤
ፎጣዬን ደርቤ ከመሣሪያው ክፍል፣
አየዋለሁ መስመሩ በጩኸት ሲቃጠል።

ከዚህ እስከ ሙስካት ያለችን አንድ መስመር፣
ከተራራ ተራራ የምትዘል በአየር፤
ቀጭን ናት እንደ ክር። ክፍያዋ ግን ያይላል፤
ናስር ደረሰኙን ባየ ቁጥር «ያ ሰላም!» ይላል።

በሷ ላይ ምን ይሄዳል? ብዬ ብመለከት፣
የዓሣው ሒሳብ አይደል፣ የመርከቡ ሰዓት፣
አዋጅ ነው፣ አዋጅ ነው፣ ነጋሪት በነጋሪት!
«ስማ! ያልሰማህ ስማ! የሰማህ አሰማ!
ቁጥር አርባ ሁለትን ያየ አለ በከተማ?»
ይላል አንዱ ኮምፒውተር፣ ጎረቤቱን ፍለጋ፤
ያ ጎረቤት ተቀምጧል እዚያው ከጎኑ ጋ።
ጥሪው ግን ተራራ ወጥቶ፣ ሸለቆ ወርዶ፣
ሙስካት ያለን ማሽን ይቀሰቅሳል ሄዶ።

ማተሚያም አለችን፣ የመጋዘን ማተሚያ፣
ቀለሟ ካለቀ ሁለት ወር፣ አታትም አንዲት መለያ፣
«አለሁ! አለሁ! አለሁ!» ትላለች በየደቂቃው፣
ሙሽሮቹን ሳያውቅ ዳሱን እንደሚያደምቀው።
ካሜራው ከበረዶ ቤት ሥዕሉን ይበትናል፤
ሙስካት ያለው ዘበኛ ጀርባውን ሰጥቶ ተኝቷል።

ባለፈው ማክሰኞ ያቺ የጉምሩክ ወረቀት፣
አንዲት ገጽ፣ አንድ ማኅተም፣ ሦስት ሰዓት ፈጀባት፤
ቢጁ ከነመኪናው ከበሩ ላይ ቆሞ፣
በረዶው ቀለጠ፣ ዓሣው ሸተተ ቀድሞ።

ስለዚህ ዛሬ ተቀመጥኩ። መንደሩን ከፋፈልኩ፤
ሚዛኑን ከሚዛን፣ ማተሚያውን ከማተሚያ፣ እያንዳንዱን በጓዳው አጠርኩ፤
የሠፈር ወሬ በሠፈር ይቅር አልኩ።
ለካሜራው በር ላይ ጠያቂ አቆምኩለት፣
«ይህን ሥዕል የሚሻ ማን አለ?» የሚልለት፤
እጅ ያወጣ ካለ ይለፍ፣ ከሌለ ይመለስ።
እጅ ያወጣ አልነበረም። መስመሩ መተንፈስ
ጀመረ። አረንጓዴዋ መብራት ከመርገብገብ አረፈች፣
አልቅሳ አልቅሳ እንደደከማት ሕፃን ተኛች።

ላፕቶፑን ልከድን ስል፣ አንዲት ድምፅ ቀረች።

አዲስ ሚዛን ነው፣ ትናንት ከካርቶን የወጣ፣
አድራሻ የሌለው፣ አድራሻ ፍለጋ የመጣ፤
«ማን ነኝ? ማን ልባል? ቁጥር የሚሰጥ አለ?»
ሰጪው ያለው ሙስካት፤ ይህ በእኔው አጥር ተከለለ።
ጣቴ «ዝጋው» ወደምትለው ቁልፍ ሄደች።
እዚያው ላይ ቆመች።

እኔም እንዲሁ ነበርኩ፣ ሩዊ ጣቢያ የወረድኩ ቀን፣
አረብኛ ሳልችል፣ ስልኬ ሞቶ፣ ሳላውቅ መድረሻዬን፣
ለመጣው ለሄደው «ወንድሜ! እኅቴ!» ስል፤
ማንም አይመልስም፣ ሁሉም ይሰማል።
ዘምዘም የምትባል የሐርቡ ልጅ፣ ዘንቢል ያንጠለጠለች፣
ጩኸቴን አላስተጋባችም፣ «ዝም በል» አላለች፤
ወረቀቴን ተቀብላ፣ አንዱን መስመር በጥፍሯ አሰመረች፣
ከዚያ ሁሉ በር መካከል አንዱን በር አንኳኳች።

ወደ ማሽኑ ተመለስኩ።
ከአጥሩ አፍ ላይ አንዲት ዘምዘም አስቀመጥኩ፤
የእንግዳውን ጩኸት በጆሮዋ የምትይዝ፣
ለሰጪው፣ ለሱ ብቻ፣ በቀስታ የምትነግር፣
መልሱን ይዛ የምትመለስ።
ሚዛኑ ቁጥር አገኘ፤ ሃያ ሰባት። ዝም አለ።
ሰው ስሙን ሲያገኝ እንዲህ ነው መሰለኝ፣
የሚጮህበት ምክንያት የለው።

ሊነጋ ነው። ከወደቡ የጀልባ ሞተር ይሰማል።
ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይርገበገባል፣
የሐርቡ ልጆች ማኅበር፣ አርባ አንድ መልእክት፣
«ለሃያ ሰው ያላስተላለፈ» የሚል ማስፈራሪያ አለበት።
ድምፁን አጠፋሁት።
ከዚያ ለአንዲት ሰው ጻፍኩ፣ ስሟን አስቀድሜ፤
«ዘምዘም፣ ነቅተሻል?»
አንድ ጭረት ብቻ አሳየኝ።
ገና አልደረሰም።