የጥምዝ የሩቅ ዘመድ

ባለሙያው አመጣው፣ ዘሩን በፖስታ፤
«ከደሴት ነው» አለኝ፣ «ከባሕር መካከል፣ ከሞቃት ቦታ።
ዛፍ ነው፣ ግን አጭር፣ ከሰው ቁመት ብዙም የማያልፍ፣
የቁንዶ በርበሬ ወገን» ብሎ ጻፈ፣ በሰሌዳ ጫፍ።
ከዚያ ተዛወረ።
ሰሌዳውን ዝናብ አጠበው፤
በዘይት ቆርቆሮ፣ ጎረቤላ፣ ዛፉ ከኔ ጋር ቀረ።

እኔ ዘበኛ ነኝ፤ ከጽድና ከኮሶ ሌላ ዛፍ አላውቅም፣
ውኃ አጠጣዋለሁ፤ ስምህ ማን ነው ብዬ ግን አልጠይቅም።
ቅጠሉ ልብ ይመስላል፣ መዳፍ የሚያህል ልብ፣
ያለ ጋቢ የወጣ፣ ብርድን የማያስብ።

ትሉም ወደደው፣
በየሌሊቱ እየዞረ ቀደደው፣
ወንፊት አደረገው። መቀስ ይዤ ሄድኩ፣ ልቆርጠው።

ዘሐራ ደረሰች፣
የአልዩ አምባን ዳገት ከነአህያዋ፣ ጥምዝ ጭና፣ ላቧን እየጠረገች።
«ተው!» አለች።
ደህናውን ቅጠል አልፋ የተበሳውን ቀነጠሰች፣
አሸችው፣ አሸተተች፣ በፊት ጥርሷ አኘከች፣
ዝም አለች።
«ምላሴን ነዘረኝ። ይሄማ የኛው ነው፣ የጥምዝ የሩቅ ዘመድ፤
ትል ሞኝ መሰለህ? ከመቶ ቅጠል ነው መርጦ የሚያርድ።»
ሦስት ቅጠል ወሰደች፣ ሦስት ፍሬ ጥምዝ ቆጠረችልኝ፣
«ዘመድ በዘመድ ይለወጣል» ብላ ሳቀችብኝ።

ኅዳር ገባ። ውርጩ እንደ ጨው ሣሩ ላይ ተነሰነሰ፤
የደብረ ብርሃን ብርድ ልብሴን ቀደድኩት፣ ግማሹን እሱ ለበሰ።
ጠዋት ስገልጠው
ልቦቹን ሁሉ ውርጭ፣ እንደ ጎመን ቀቅሎ፣ ውኃቸውን መጠጠው።

ያን ቀን ደመና ከቆላው ተነሥቶ
አልዩ አምባን ውጦ፣ ገደሉን ሞልቶ፣
ነጭ ውኃ ሆኖ ከእግሬ ሥር ተኛ።
ባሕር አላየሁም። ይሄን ይመስል ይሆናል ብዬ፣ እኔ ዘበኛ፣
ቆርቆሮውን ከነግንዱ ተሸክሜ፣
አፋፉ ላይ፣ ከጎኑ ቆሜ፣
«እየው» አልኩት፣ «አገርህ መጥቷል፣ እስከ ደጅ።»
ደግሞም አፈርኩ።
ደግነቱ ከጭላዳ በቀር አልሰማኝም የሰው ልጅ።

አሁን መጋቢት ነው። ከደረቀው ግንድ በታች
አንዲት ቀይ ጫፍ ወጥታለች።
አረም ትሁን የሱ፣ አልለየሁም።
ዘሐራ ስትመጣ ታኝካታለች።