ሦስት ደረጃ

በሱ ፎልስ ከተማ፣ ከሥጋው ፋብሪካ ማዶ፣
አንድ አሮጌ ቤት አለኝ፣ ጣሪያው ላይ በረዶ፤
ግማሹ የባንክ ነው፣ ግማሹ የእኔ ዕዳ።
ከታችኛው ክፍል ገባች አንዲት እንግዳ፤
እመቤት ነው ስሟ፤
ከስሟ ውስጥ በቀር ቤት አያውቅም ህልሟ።

በፋብሪካው ወለል፣ በማታ ፈረቃ፣
ሥጋ ስትበልት፣ ደም አዳልጧት ወድቃ፣
እግር እንቢ አለና ጎማ ሆነ እግሯ፤
ሦስት ደረጃ፣ ተራራ ሆነ ከበሯ።

ሦስት ብቻ! ስወጣ ስወርድ አልቆጠርኳቸውም፤
ቤቱን ስገዛ ጣሪያ እንጂ ደረጃ አላየሁም።

«ጋሽ ወንድይፍራው» አለች፣ «የሳንቃ መወጣጫ
ቢሠራልኝ ምናለ፣ መግቢያና መውጫ?»
እኔም ውሉን አነሣሁ፣ መነጽሬን ሰክቼ፣
አሥራ አንደኛውን አንቀጽ በጣቴ ጎትቼ፤
«ቤቱን እንዳየሽው ተቀብለሻል፤
በረዶ መጥረጉም የአንቺ ነው፣ ፈርመሻል።»

በረዶ! በተሽከርካሪ ወንበር፣ በአካፋ!
ያን አንቀጽ ሳነብላት፣ ድምፄ እንኳ አልጠፋ።

ሌሊቱን አሰላሁ። የባንኩ፣ የግብሩ፣
የመድኑ፣ የጋዙ፣ ሲደመር ቁጥሩ፣
ለእኔ የሚተርፈኝ ሠላሳ ስምንት ዶላር ነው በወሩ።
እውነቴን ነው፤ አልዋሸም ስሌቱ፤
እውነትም ግን ያሳፍራል፣ ሲነጋ ሌሊቱ።

ደብዳቤ ላከልኝ የሕግ ምክር ቢሮ፤
«በገንዘቧ ትሥራ፣ አይከልክሉ» ይላል፣ በጨዋ ቃል ቋጥሮ።
ፈቀድኩ። ከግርጌው ግን አንድ መስመር ጨመርኩ፤
«ስትወጪ አፍርሺው» — ሕጉ ያላለውን እኔው ፈጠርኩ።

ከካሣዋ ቆንጥራ ሺህ ስምንት መቶ መዘዘች፤
ጋትኩዎት የሚባል አናጺ ያዘች።
ሁለት ቀን ተንኳኳ፤ ግቢው የጥድ ሽታ ሞላ፤
እኔ መኪናዬ ውስጥ፣ ከዛፉ ኋላ፣
ሞተር ሳላጠፋ፣ ሳልወርድ፣ ሳልረዳ፣
ሚስማር በገባ ቁጥር ስቆጥር እንደ ዕዳ።

ከዚያ ወዲያ ማን በደረጃው ወጣ?
ፖስተኛው በሳንቃው ጋሪውን እየሳበ መጣ፤
የላይኛዋ አራስ ልጇን በጋሪ ገፍታ፤
ፍሪጅ ያመጡት ልጆች፣ ሳይሳደቡ፣ በእርጋታ።
እኔም ኪራይ ልቀበል፣ ጉልበቴን ይዤ ስሄድ፣
በእሷ ሳንቃ ሆነ የእኔም መንገድ።
ባለቤት ተብዬ እገባ ነበር በእሷ እግር ወደ ገዛ ቤት፤
አንድም ቀን አላለችኝ፣ «ኪራይ ክፈልበት።»

ሐምሌ ላይ ጨመርኩባት። «ስድሳ ዶላር ብቻ»
አልኳት፣ «እሱም ከገበያው አቻ።»
አልተከራከረችም። በወሩ መጨረሻ
ቁልፉን አስቀመጠች፣ ከጎኑም መዶሻ።
«አፍርሺው ይላል ውሉ። ላፍርሰው?» አለችኝ፤
ከታች ወደ ላይ ነበር፣ ከላይ ወደ ታች ግን አየችኝ።

«ይቅር» አልኳት።
ሳንቃው ይቅር፣ አይፍረስ ማለቴ ነበር፣
ወይስ ይቅር በይኝ?
ቃሏ አንዲት ናት። እኔ አልለየኋትም፣
እሷም አልጠየቀችም።

በሳምንቱ ማስታወቂያ አወጣሁ፤ «የሚከራይ ቤት፣
ለአካል ጉዳተኛ የሚመች፣ መወጣጫ ያለበት።»
ስድሳውን መቶ አደረግኩት። ሰው ተሻማበት።

ማስያዣዋን መልሻለሁ፣ ሳንቲም ሳልቆርጥ፤
ለጓደኞቼም ነግሬያለሁ፣ ደግሜ፣ ሳልጠየቅ።
ሌላ ቼክ ደግሞ አለ፣ መሳቢያዬ ውስጥ፤
ሺህ ስምንት መቶ ይላል፣ በፊደልም በቁጥርም፤
ቀኑ ተጽፏል፣ ስሟ ተጽፏል፣
ፊርማ የለውም።

ዘንድሮ በረዶው ቀድሞ መጣ።
አሥራ አንደኛው አንቀጽ አሁንም ውሉ ላይ አለ፤
ጎህ ሳይቀድ ግን አካፋ ይዤ የምወጣው እኔ ነኝ።
ሳንቃውን እጠርጋለሁ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ጨው በትኜ።
ሦስቱ ደረጃዎች ከጎኑ ተቀብረዋል፤
እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም፣
የት እንደገቡ።